ካሜራው ይቆየን፣ መጀመሪያ እናቲቱን እንጠይቅ

በዓል በደረሰ ቁጥር በአገራችን የተለመደ ዜና አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ የተማሪዎች ክበብ ሆስፒታል ሄዶ «በዓሉን ከሕሙማን ጋር አሳለፈ» ይባላል። ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። የእኛም ትምህርት ክፍል የበጎ አድራጎት ክበብ ለመጪው ገና አንድ የሕፃናት ሕክምና ክፍል ለመጎብኘት መዘጋጀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ጉብኝቱን በቪዲዮ ቀርፀን ለተግባር ልምምድ እንድናቀርብ ታስቧል። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ብንነጋገር ደስ ይለኛል። እዚያ የምናገኘው በዓል የማን ነው?

ብዙዎቻችን የታመመ ልጅ ሲባል የሚታየን ሳምንት ተኝቶ የሚወጣ ልጅ ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምና ግን ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። በበዓል ስንቆጥረው ቢያንስ 2 እንቁጣጣሽ፣ 2 ገና፣ 2 ፋሲካ ማለት ነው፤ ለሙስሊሙ ቤተሰብም ኢዱና አረፋው እንደዚያው ነው። ሕክምናው የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሆነ ከገጠር የመጣ ወላጅ ይህን ሁሉ በዓል የሚውለው ከቤቱ ርቆ ነው።

ይህን የማውቀው ከአክስቴ ነው። የ6 ዓመት ልጇን ይዛ ከመንዝ አዲስ አበባ ከመጣች ዓመት አልፏታል። ባሏ ከሌሎቹ ሁለት ልጆች ጋር አገር ቤት ቀርቷል። ለበዓል ይታረዱ የነበሩት በጎች ለመድኃኒት ተሸጠዋል። በዓል ሲመጣ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ትንሿ ልጅ በስልክ «እማ፣ ዶሮውን ማን ይሠራልናል?» ስትላት አክስቴ ስልኩን ከአፏ አርቃ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ያለፈው ፋሲካ ዕለት ልጁ መድኃኒት ከወሰደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ንጋት ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደው። ረፋድ ላይ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ እንግዶች ክፍሉን ሞሉት። ክፋት አልነበረባቸውም። «ማሙሽ፣ እንኳን አደረሰህ!» ብለው ቀሰቀሱት፤ ፀጉሩ ያለቀ ራሱን የሸፈነበትን ነጠላ ገለጥ አድርገው ካሜራ ደቀኑበት። አክስቴን «ምን ተሰማሽ?» አሏት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

የልጁን መታመም ለአያቱ ማንም አልነገራትም ነበር። ልቧን ስለሚያማት «ለትምህርት ነው የሄደው» ተብላ ነው የከረመችው። ማታ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አየችው። በፋሲካ ማታ እዚያ ቤት የሆነውን ለእናንተው ግምት ልተወው።

«ታዲያ ባይመጡ ይሻል ነበር ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሻልም! ልጅ ታሟል ተብሎ በዓል መሰረዝ የለበትም። ያ ልጅ ነሐሴ ላይ አባቱን በስልክ የጠየቀው ስለ መርፌው አልነበረም፤ ለቡሄ ጅራፉን ወንድሙ እንዳይወስድበት ነበር አደራ ያለው። በዓሉን ይፈልገዋል። ግን የእሱና የእናቱ በዓል እንዲሆን ነው።

ከዚያው ፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ዕለት አንዲት የሠፈራችን እናት ብቻቸውን መጡ። ልጁ ምን መብላት እንደሚችል ሲስተሯን አስቀድመው ጠይቀው፣ በደንብ የበሰለ ትኩስ አልጫ በምሳ ዕቃ ይዘው ነበር። አክስቴን «ልጄ፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ሄደሽ ገላሽን ታጠቢ፣ ትንሽም ጋደም በይ» አሏት። ለእኔ አክስቴ ፋሲካን የዋለችው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ለክበባችን የምለው አለኝ። መድኃኒቱ የልጆቹን ነጭ የደም ሴል ስለሚያወርደው ለእኛ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእነሱ ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። 30 ሆነን ከምንገባ 3 ሰው ይግባ፤ ያሳለው ይቅር። ያልበሰለ ምግብ፣ አበባና ቀጤማ አይግባ። ለቲሸርት ማሳተሚያ የታሰበው ገንዘብ አንድ አባት የቀሩትን ልጆቹን ይዞ መጥቶ ከታመመው ጋር እንዲውል መሳፈሪያ ይሁን። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲንና ተስፋ አዲስን የመሳሰሉ፣ ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ድርጅቶች አሉ። ምን እንደጎደለ እኛ ከምንገምት እነሱን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ደም ነው። ደም እንዳይፈስ የሚያደርገው ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ወር የተለገሰው ለገና ዕለት ለሚደማ ልጅ አይደርስም። ተማሪው ለበዓል ወደየቤቱ ሲበተን ለጋሹም አብሮ ይበተናል። ዕድሜያችን ከ18 ዓመት፣ ክብደታችን ከ45 ኪሎ በላይ የሆንን ጤነኞች ሻንጣችንን ከማንሣታችን በፊት ደም ባንክ ጎራ ብንል ከዳቦው የበለጠ ስጦታ ነው።

ሦስተኛው እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ይመለከታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት ይጠብቃል። ክፍል ውስጥ ስንማር «ፈቃድ ጠይቁ» ይባላል። ግን ዳቦ ይዞ የመጣን እንግዳ እምቢ ማለት በእኛ ባህል እንዴት ይቻላል? ካሜራ ተደቅኖ የተባለ «እሺ» ፈቃድ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። መጠየቅ ካለብን በዋዜማው፣ ባዶ እጃችንን፣ ብቻዋን እንጠይቃት። «ማን ያየዋል? አገር ቤት ያልሰማ ሰው አለ?» ብለን ጭምር። እምቢ ካለች ዳቦው እንደሆነ አይቀርባትም።

ለልምምዱ ቪዲዮ የግድ ከሆነ ደግሞ ደም ስንለግስ የራሳችንን ክንድ እንቅረጽ። ለእሱ የማንንም ፈቃድ መለመን የለብንም።

መልካም ገና!