ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ተፎካካሪው ግን ቀረ

«ሉዓላዊነት ጋዜጠኝነትን ቀደመው።» ሜይ 3 ቀን 2025 ማታ ይህን የሰማ የፖለቲካ ዜና ተከታታይ ሌላ ነገር ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የፈረስ ነው። አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ቸርችል ዳውንስ በተባለው ሜዳ፣ ዝናብ ባጨቀየው መም ላይ 19 ፈረሶች ሲጋልቡ፣ ሶቨረንቲ የሚባለው የሦስት ዓመት ድንጉላ ጆርናሊዝም የሚባለውን እኩያውን በአንድ ፈረስ ተኩል ርዝመት ቀድሞ የኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ። የአንዱ ስም ሉዓላዊነት፣ የሌላው ጋዜጠኝነት መሆኑ ለቀልደኛ ሁሉ ሲሳይ ሆነ። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀልዱ ሳምንት አልሞላውም። ከደርቢው በሦስተኛው ቀን የሶቨረንቲ አሰልጣኝ ቢል ማት ፈረሳቸው በሁለተኛው ትልቅ ውድድር፣ በፕሪክነስ፣ እንደማይሰለፍ አስታወቁ። ፈረሱ አልታመመም፤ አላነከሰም። ሁለት ሳምንት ለዕረፍት ያንሳል፣ ለቤልሞንትና ከዚያ በኋላ ላሉት ውድድሮች ይቆይ ተባለ። በዚህች አጭር መግለጫ የዓመቱ ትልቁ ፉክክር መሀሉ ተቆረጠ።

ለምን ይህን ያህል አንገበገበ? የአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም የቆመው «የሦስትዮሽ ዘውድ» በሚሉት ነገር ላይ ስለሆነ ነው። ደርቢው በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልቲሞር ላይ ፕሪክነስ፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ኒው ዮርክ ላይ ቤልሞንት። በአምስት ሳምንት ሦስቱንም ያሸነፈ ፈረስ ዘውዱን ይጭናል። ከ1919 ጀምሮ ይህ የተሳካላቸው 13 ፈረሶች ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው በ2018 ጀስቲፋይ ነው። ከእሱ በፊት አሜሪካን ፋሮህ በ2015 እስኪመጣ ድረስ ደጋፊው 37 ዓመት ጠብቋል። የደርቢ አሸናፊ በፈቃዱ ፕሪክነስን ሲተው የሚቀረው አንድ ውድድር ብቻ አይደለም። የዚያ ዓመት ዘውድ ገና በሜይ መጀመሪያ ሳምንት ተዘጋ ማለት ነው።

ፉክክር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 1978 መመለስ ይበቃል። አፈርምድ እና አሊዳር በሦስቱም ውድድሮች ተገናኙ፤ በሦስቱም አፈርምድ አንደኛ፣ አሊዳር ሁለተኛ ወጡ። ልዩነቱ በደርቢው አንድ ፈረስ ተኩል ነበር፣ በፕሪክነስ አንገት፣ በቤልሞንት ጭንቅላት። አሊዳር በየውድድሩ እየቀረበ መጣ፤ ግን አልደረሰም። በአፈርምድ ላይ የተቀመጠው ስቲቭ ኮተን ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ፈረሶች በዕድሜያቸው አሥር ጊዜ ተጋጥመው ሰባቱ ለአፈርምድ፣ ሦስቱ ለአሊዳር ተመዘገቡ። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ አፈርምድ ቀድሞ ከገባ በኋላ መንገድ ዘግተሃል ተብሎ የተነጠቀው የትራቨርስ ውድድር ነው፤ በዚያ ውሳኔ እስከ ዛሬ የሚከራከር አለ። የኃይሌ ገብረሥላሴንና የፖል ቴርጋትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። ቴርጋት አትላንታ ላይ ተሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ መጥቶ በ0.09 ሰከንድ ተሸነፈ። ሲድኒን ትቶ ለገንዘብ ውድድር ቢቆጥብ ኖሮ ያቺ የመጨረሻ መቶ ሜትር ዛሬ ትዝታ አትሆንም ነበር። ኃይሌንም ኃይሌ ያደረገው በከፊል ቴርጋት መቅረት አለማወቁ ነው።

የ2025ቱ ሁለት ፈረሶች ግን ስንት ጊዜ ተገናኙ? ሁለት ጊዜ።

ፕሪክነስ ሜይ 17 ያለ ሶቨረንቲ ተካሄደ። ያየው ሰው ሊረሳው የማይችለው ውድድር ሆነ። መጨረሻው ቀጥታ ላይ ጆርናሊዝም በሁለት ፈረሶች መካከል ተጨመቀ፤ ተላተመ፤ ጋላቢው ኡምቤርቶ ሪስፖሊ ከመሀላቸው አሾልኮ አወጣው። ጎስገር የተባለው ፈረስ በዚህ ጊዜ ርቆ ሄዷል። ጆርናሊዝም ተከትሎ መጨረሻው አካባቢ ደረሰበትና በግማሽ ፈረስ ቀደመው። ከሁለት ሳምንት በፊት በጭቃ ሮጦ የተሸነፈ፣ «ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚለው ክርክር እኩል የሚመለከተው ፈረስ ነው ይህን ያደረገው። ጁን 7 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አምስት ሳምንት ያረፈው ሶቨረንቲ በሦስት ፈረስ ርዝመት ቀደመው። ሁለተኛ ጆርናሊዝም፣ ሦስተኛ ቤዛ፤ ልክ እንደ ደርቢው ቅደም ተከተል። (ሦስተኛው ፈረስ ቤዛ መባሉ ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የተተወ ቀልድ ነው።)

የማት ደጋፊዎች እዚህ ላይ እጃቸውን ያጣጥፋሉ። «አላልናችሁም?» ይላሉ። ፈረሱ ቤልሞንትን አሸነፈ፣ ጂም ዳንዲን አሸነፈ፣ ኦገስት 23 ትራቨርስን በአሥር ፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ሰውየው ደግሞ ሲጋርን ያሠለጠነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በ2025 ከሦስት ዓመቶቹ መካከል ሶቨረንቲ የሚበልጠው አልነበረም፤ በሁለቱም ግጥሚያ ጆርናሊዝምን በንጹሕ ጉልበት ነው የቀደመው። ነገር ግን ያረፈ ፈረስ ያላረፈን መቅደሙ ያላረፈው ስህተት ሠራ ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም በ14 ቀን ተመልሰው ቢሮጡ ማን ይቀድም እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ውድድር የሚባለው ነገር የተፈጠረው ይህን ለማወቅ ነበር። ደግሞ ማረፍ ድል አያስይዝም። በ2022 ማንም ሳይጠብቀው ደርቢውን ያሸነፈው ሪች ስትራይክም ፕሪክነስን ዘሎ ለቤልሞንት ተቀመጠ። ስድስተኛ ወጣ።

ሁለተኛው ክርክር የፈረሱ ደህንነት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በ2023 ጸደይ በዚያው በቸርችል ዳውንስ 12 ፈረሶች ሞተው ውድድሩ ወደ ሌላ ሜዳ መዛወሩ የቅርብ ጊዜ ነው። የፈረስ እግር የሚሸከመውን ያውቃል፤ ሰው ግን ዝም ብሎ ይጭነዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለት ሳምንት ለፈረስ አደገኛ ከሆነ ለጆርናሊዝም ለምን አደገኛ አልሆነም? አደገኛ ከሆነ ለሁሉም ይከልከል፤ ካልሆነ ሰበብ አይሁን። አሁን ያለው ሥርዓት ግን ምርጫውን ለየባለቤቱ ትቶ፣ ፕሪክነስ የሚከፍለው ሁለት ሚሊዮን ዶላር የማያጓጓው እንዲያርፍ፣ የሚያጓጓው እንዲሮጥ ያደርጋል። ሶቨረንቲ የጎዶልፊን ንብረት ነው፤ ጎዶልፊን ማለት የዱባዩ ገዢ የሼክ ሞሐመድ ቢን ራሺድ ጋጣ ነው፤ ስሙም ከዚህ ዘር ሦስት ምንጭ አባቶች አንዱ ከሆነው የዓረብ ፈረስ የተወሰደ ነው። እዚያ ቤት የጎደለው የኬንታኪ ደርቢ ዋንጫ ነበር፤ ሜይ 3 ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባልቲሞር የሚያስኬድ ምን አለ?

ከዚህም በታች የባሰ ነገር አለ፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። የዛሬ ታላቅ ፈረስ ገንዘቡን የሚያገኘው ሜዳ ላይ አይደለም። የሶቨረንቲ አባት ኢንቱ ሚስቺፍ በ2025 አንዲት ባዝራ ከእሱ ለማስረገዝ የሚጠየቀው 250,000 ዶላር ነበር። የዘሩ መዝገብ በሰው እጅ ማዳቀልን ስለሚከለክል ድንጉላው ራሱ መገኘት አለበት፤ ቢሆንም በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ ባዝራ ያስተናግዳል። ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል። ፍላይትላይን የተባለው ተአምረኛ ስድስት ጊዜ ሮጦ ስድስቱንም አሸነፈ፤ የ2022ን ብሪደርስ ካፕ ክላሲክ ከስምንት ፈረስ በሚበልጥ ርዝመት ወስዶ በዚያው ወደ ማራቢያ ተሸኘ። ወዲያው የባለቤትነቱ ሁለት ከግማሽ በመቶ በ4.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጠቅላላ ዋጋው 184 ሚሊዮን ማለት ነው። ሳይቴሽን በ1948፣ በዚያች አንድ ዓመት ብቻ፣ 20 ጊዜ ሮጦ 19 አሸንፏል። ያንን ከስድስት ጊዜ ጋር አስተያዩት።

በእንዲህ ያለ ገበያ ሽንፈት ዋጋ ይቀንሳል፤ መቅረት ግን ምንም አይቀንስም። ክፋት መፈለግ አያስፈልግም፤ ደግ ባለቤትም፣ ጎበዝ አሰልጣኝም በዚህ ሚዛን ሲመዝን «ይቅርብን» ማለቱ አይቀርም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል የአገር ሰው፤ ዛሬ ማድረሱም ቀርቶ እንዲቀመጥ ይፈለጋል።

«ለኋላ እንቆጥበው» የሚለው ነገር ደግሞ በፈረስ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የቁጠባው መጨረሻ መሆን የነበረበት ኖቬምበር 1 ዴል ማር ላይ የተካሄደው ብሪደርስ ካፕ ክላሲክ ነበር፤ ሽልማቱ ሰባት ሚሊዮን ዶላር። ጆርናሊዝም ይመጣል፣ ሲየራ ሊዮን ይመጣል፣ ፊርስነስ ይመጣል፣ ከጃፓን ፎርኤቨር ያንግ ይመጣል። ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሶቨረንቲ አተኮሰው፤ ከውድድሩ ወጣ። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ፈረስ ይታመማል። ለዚህ ነው ጤነኛ የሆነበት ቀን ዋጋ ያለው። ሜይ 17 ጤነኛ ነበር።

ጆርናሊዝምም ዴል ማር ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ከሦስቱ ውድድሮች በኋላ ሀስኬልን አሸንፎ፣ በፓሲፊክ ክላሲክ በፊርስነስ ተቀድሞ ነው የመጣው። አራተኛ ወጣ። ይህን ይዞ «አየህ፣ አድክመውት ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ደክሟል። ግን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ጠረፍ የጠሩት ሜዳ ሁሉ ተገኝቶ ደክሟል።

የዚያን ቀን አሸናፊ ማን ነበር? ፎርኤቨር ያንግ፤ በሪዩሴይ ሳካይ ጋላቢነት ሲየራ ሊዮንን በግማሽ ፈረስ ቀድሞ፣ ክላሲክን ያሸነፈ የመጀመሪያው በጃፓን የሠለጠነ ፈረስ ሆነ። የዚህን ፈረስ መንገድ ተመልከቱ። በ2024 ሳዑዲ ሮጠ፣ ዱባይ ሮጠ፣ ከዚያ ኬንታኪ ሄዶ ደርቢው ላይ በአፍንጫና በአፍንጫ ልዩነት ሦስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በክላሲኩ እንደገና ሦስተኛ። በ2025 ሳዑዲ ተመልሶ የ20 ሚሊዮኑን ሳዑዲ ካፕ ወሰደ፤ ዱባይ ላይ ሦስተኛ ሆነ፤ ባሕር ተሻግሮ እንደገና ዴል ማር መጣ። አሰልጣኙ ዮሺቶ ያሃጊ ሽንፈትን የሚፈሩ ቢሆን ኖሮ ይህ ፈረስ ከጃፓን አይወጣም ነበር።

ሌላም አለ። የፎርኤቨር ያንግ አባት ሪል ስቲል ነው፤ የእሱ አባት ዲፕ ኢምፓክት፤ የእሱ አባት ሰንዴይ ሳይለንስ። ሰንዴይ ሳይለንስ በ1989 ከኢዚ ጎወር ጋር አራት ጊዜ የተናነቀው አሜሪካዊ ፈረስ ነው፤ ፕሪክነስን በአፍንጫ ያሸነፈው፣ ቤልሞንት ላይ በስምንት ፈረስ ተቀጥቶ በክላሲኩ በአንገት የተበቀለው። በሜዳ ያንን ሁሉ ያሳየ ፈረስ ለዘር ሲቀርብ የኬንታኪ አርቢዎች ዘሩን ናቁት፤ ጃፓኖች ገዝተው ወሰዱት፤ የጃፓንን የፈረስ ዘር ከሥሩ ለወጠው። በገበያ ሚዛን ያልመዘነው ፈረስ የልጅ ልጁን ልጅ መልሶ ላከላቸው።

መፍትሔው ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ፕሪክነስን ከደርቢው አራት ሳምንት አርቆ፣ ቤልሞንትን ከዚያ አራት ሳምንት አርቆ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ «አላረፈም» የሚል ሰበብ አይኖርም፤ የቀረ ሁሉ ፈርቶ ቀረ ይባላል። «ወጉ ይፈርሳል» የሚሉ አሉ። የትኛው ወግ? ፕሪክነስ ከደርቢው በፊት የተካሄደበት ዘመን ነበር፤ በ1917 እና በ1922 ሁለቱ በአንድ ቀን ውለዋል። በ2020 በኮሮና ምክንያት ቤልሞንት መጀመሪያ፣ ፕሪክነስ መጨረሻ ኦክቶበር ላይ ሆነ። የ2025ቱ ቤልሞንት ራሱ ቤልሞንት ሜዳ በመታደስ ላይ ስለነበር ሳራቶጋ ተካሄደ፤ ርቀቱም ከአንድ ማይል ተኩል ወደ አንድ ማይል ከሩብ አጠረ። ርቀት ሲቀየር ያልፈረሰ ወግ በቀን መቀየር አይፈርስም። የሚያግደው ሦስቱን ውድድሮች ሦስት የተለያዩ አካላት ማስተዳደራቸውና ማንም የራሱን ቅዳሜ መልቀቅ አለመፈለጉ ነው።

ባልቲሞር ላይ አሮጌው የፒምሊኮ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደው ያንን ሶቨረንቲ የቀረበትን ፕሪክነስ ነበር፤ ከዚያ እንዲፈርስና እንደ አዲስ እንዲሠራ ተወሰነ። ለአዲሱ ሜዳ ገንዘብ የሚያወጣው የሜሪላንድ መንግሥት ነው። ያን ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ የሚያፈስ አካል የደርቢው አሸናፊ በሩ ድረስ እንዲመጣ የሚያደርግ ቀን መጠየቅ መብቱ ነው፤ እስካሁን ግን የሚያወራው ስለ ሕንፃው ነው።