2 ቴራ ፍላሽ በአንድ ዶሮ ዋጋ?

በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አልቀራችሁም። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍላሽ፣ ላዩ ላይ «2 ቴራ» የሚል ጽሑፍ፣ ዋጋው ደግሞ የአንድ ዶሮ። «ኦሪጅናል ነው፣ ሳያልቅ ይዘዙ» ይላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢታለል ቢያንስ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይጨቃጨቃል። ዱርቤቴ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለ ወጣት ግን ዕቃውን በስልክ አይቶ፣ ብሩን በሞባይል ልኮ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ነው የሚያስመጣው። ሲበላሽበት ማንን ይይዛል?

እውነተኛ 2 ቴራ ፍላሽ የለም እያልኩ አይደለም። ኪንግስተን በ2017 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል፤ ዋጋው ግን ከደህና ላፕቶፕ ጋር የሚወዳደር ነበር። በዶሮ ዋጋ የሚሸጠው ውስጥ ያለው 32 ወይም 64 ጂጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ማታለያው እንዲህ ይሠራል። ፍላሽ ውስጥ ፋይሉን ከሚይዘው ቺፕ ሌላ፣ ሥራውን የምትቆጣጠር ትንሽ ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዣለሽ?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። አጭበርባሪዎቹ «2 ቴራ» ብላ እንድትመልስ አድርገው ያዘጋጇታል፤ ኮምፒውተሩም ስልኩም ያምናታል። መጀመሪያ የምትጭኗቸው ዘፈኖች ደህና ይሠራሉ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል ወይ የድሮው ላይ ይጻፋል፣ ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል። ስሙ ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፣ ሲነካ አይከፈትም። ክፋቱ ደግሞ በገዛችሁበት ቀን ምንም አለመታወቁ ነው። የሚታወቀው ከወራት በኋላ የእህታችሁን የሠርግ ቪዲዮ ስትፈልጉ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ኢንተርኔታችን ሚሞሪና ፍላሽ ነበር። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የ12ኛ ክፍል የድሮ ፈተና፣ አፕ ሳይቀር ከእጅ ወደ እጅ የሄደው በዚያ ነው። «ክላውድ ላይ አስቀምጡ» የሚለው ምክር ኔትወርክ ሲኖርና ለጥቅል የሚሆን ብር ሲተርፍ ጥሩ ነው። መብራትም ኔትወርክም ሲሄድ ግን የሚቀረው ኪስ ውስጥ ያለው ነው። እሱ ውሸታም ከሆነስ?

ገበያ ላይ በቆሎ ወይም ዳጉሳ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። እጁን እስከ ክንዱ ይሰዳል፣ ከሥር ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ በትኖ ያየዋል። ሻጩም አይቀየምም፤ እሱም ሲገዛ እንደዚያው ያደርጋል። ፍላሽና ሚሞሪም እንዲህ ነው መገዛት ያለባቸው። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከጀርመኑ የኮምፒውተር መጽሔት ሲቲ የወጣ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ኤፍስሪ አለላችሁ። የሁለቱም ሥራ ቀላል ነው፤ ባዶውን ፍላሽ ጢም አድርገው ይሞሉታል፣ ከዚያ የጻፉትን መልሰው ያነባሉ፣ የጠፋ ካለ ይናገራሉ። ስልክ ብቻ ያላችሁ ትልልቅ ቪዲዮዎችን እስኪሞላ ገልብጡበት፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩትና መጀመሪያ የገባውንም መጨረሻ የገባውንም ክፈቱ። 64 ጂጋ በሰከንድ 20 ሜጋ እየተጻፈ ቢሞላ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቡና ጠጥቶ መመለስ ማለት ነው። ባሕር ዳር ከገዛችሁት ደግሞ መናኸሪያ ከመግባታችሁ በፊት ይሁን።

በነገራችን ላይ «64 ብዬ ገዝቼ 59 አለኝ» ብላችሁ ከሻጭ ጋር አትጣሉ። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል፤ ስለዚህ 1 ቴራው 931 ጂጋ ብሎ ቢታይ ጤነኛ ነው።

ባለሱቆችም ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «ፍላሽ ከተሸጠ አይመለስም» የሚለው የመስታወት ላይ ጽሑፍ ሕግ አይደለም። ብዙ ባለሱቅ ራሱም ተታሎ ነው የሚሸጠው፤ ካርቶን ሙሉ ሲያመጣ አንዱን አውጥቶ ቢፈትሽ ግን ሌሊቱ ይበቃዋል። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችም ሚዛን ሲያዩ ፍላሽ ቢያዩ ምን አለበት? ኪሎ የጎደለበትና ጂጋ የጎደለበት ሰው የተወሰደበት ያው ብር ነው።

ቁጥር እያሳየ የሚሸጥ ሌላም ዕቃ አለ፤ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ከፈጀ፣ ሠሪው ብዙ ጊዜ «ራም ጨምር» ይላል። ከዚያ በፊት ውስጡ ሃርድ ዲስክ መሆን አለመሆኑን ጠይቁት። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሳህን ነው፤ እያንዳንዱን ትንሽ ፋይል ለማግኘት ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር የድሮ ላፕቶፕን ከምንም በላይ ያፈጥነዋል፤ በዚህ ላይ ብዙም መከራከር አያስፈልግም።

መከራከር የሚያስፈልገው የትኛው በሚለው ላይ ነው። ሻጩ በሰከንድ 3,500 ሜጋ የሚያነብ ኤንቪኤምኢ ያሳያችኋል። የድሮ ላፕቶፓችሁ የሳታ መሰኪያ ብቻ ካለው ያ ዕቃ ጭራሽ አይገባበትም። ሳታው በሰከንድ ከ550 ሜጋ ብዙ አያልፍም፣ ለእናንተ ሥራ ግን በቂ ነው። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን መሰኪያ ቢኖረው እንኳ አንዳንዱ ሳታ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የላፕቶፑን ሞዴል አስቀድማችሁ አጣሩ። «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለውም ወሬ አያስፈራችሁ። ርካሹ ኪንግስተን ኤ400፣ ባለ 240 ጂጋው፣ 80 ቴራ እስኪጻፍበት ድረስ እንደሚችል አምራቹ ይገልጻል። በቀን 20 ጂጋ ብትጽፉበት ወደ 11 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ላፕቶፑ ራሱ ይሰናበታል።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ለሠሪው ትታችሁ አትሂዱ። የዩኤስቢ ኬዝ ግዙለትና ማከማቻ አድርጉት፤ እየዞረ እንዳይወድቅ እንጂ ቤት ለሚቀመጥ ነገር ደህና ነው። ያለችኝ ብር ትንሽ ናት የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ባለ 128 ከሚገዛ ሁለት ባለ 64 ተፈትሸው ቢገዛ እመርጣለሁ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው በዚሁ ሐሳብ ነበር።

የእናንተ ሚኒሶታ ሩቅ መሆን የለበትም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ኬዝ ውስጥ በገባው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ቡሬ ባሉት አክስታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ በተፈተሸ 32 ጂጋ ፍላሽ ይቀመጥ። ልጆቻቸው ካርቱን እንዳይጭኑበት ብቻ አደራ በሏቸው።