ስለ አይሮፕላን መሸጋገሪያ ሰዓት ማጠርና ስለ ቤተሰብ መንገደኞች

ቀድሞ በበቅሎና በእግር በሚኬድበት ዘመን መንገደኛ ሁሉ እንደ ጓዙ ይጓዝ ነበር፤ ሕፃን ያዘለች እናት ወይም ያረጀ አባት ያለ እንደ ሆነ ጉዞው በእነርሱ እርምጃ ይለካ ነበር እንጂ እነርሱ በጉዞው አይለኩም ነበር። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ ባቡሩ ለብዙ ዘመን ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር፤ የሚዘገይ ቢሆን ሁሉም አብሮ ይዘገያል እንጂ አንዱ ሄዶ ሌላው አይቀርም ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በሄደ ጊዜ የመንገድ ነገር ተለወጠ። ዛሬ ከዋሽንግተን የተነሣ አይሮፕላን 13 ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ባሕርና በረሓ በአንድ ቀን ያለፈ መንገደኛ፥ ለሁለተኛው አይሮፕላን አሥር ደቂቃ ቢዘገይ በሩ ተዘግቶበት ቁጭ ብሎ ይውላል።

ይህ ነገር ብቻውን ለሚሄድ ነጋዴ ወይም ለሥራ ለተላከ ሹም ቀላል ነው፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ይዞ ለበዓል የሚጓዝ ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆችና ከአንዲት አሮጊት እናት ጋራ ሆነው ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር ቲኬት ገዙ እንበል። በቲኬቱም ላይ ከዋሽንግተን የሚመጣው አይሮፕላን አዲስ አበባ በሚደርስበትና የጎንደሩ በሚነሣበት መካከል 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተጽፎ አገኙ። በቤት ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ይህ በቂ ይመስላል። ነገር ግን አንድ በአንድ ቢቆጠር ሌላ ነው።

አስቀድሞ፥ በቲኬት ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት አይሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው እንጂ በሩ የሚዘጋበት አይደለም፤ በሩ ከዚያ አስቀድሞ ስለሚዘጋ ከ80ው ደቂቃ አሥር ወይም አሥራ አምስቱ ከመጀመሪያውም የመንገደኛው አይደለም። ሁለተኛም፥ ሦስት መቶ ሰው በያዘ አይሮፕላን ውስጥ በኋለኛው ወገን የተቀመጠ ቤተሰብ፥ የፊተኞቹ ከላይ ያለውን ዕቃቸውን አውርደው እስኪወጡ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ላይ አንዱ ልጅ እንቅልፉ አልለቀቀውም፤ የሁለተኛው ጫማ ከወንበር በታች ገብቶ ጠፍቷል። አሮጊቲቱ እግራቸው ደካማ ስለ ሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ታዞላቸዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚወርደው ሌላው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፥ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገዱን ያውቃልና ኋላ የጠፋው ጊዜ በከፊል ይካሳል፤ ልጆቹ ግን ከአያታቸው ጋራ ይሂዱ ወይስ ከአባታቸው ጋራ ይሩጡ የሚለው ክርክር ራሱ ደቂቃ ይበላል።

ከዚህ በኋላ የፓስፖርት ሰልፍ አለ። ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ የአገር ውስጥ መንገድ ስለ ሆነ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበት ምርመራ የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ነው። የአንድ ቤት ሰዎች ቢሆኑም ወረቀታቸው አንድ አይደለም፤ እናቲቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይይዛሉ፥ ወላጆቹ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያወጡ ይሆናሉ፥ በውጭ አገር የተወለዱት ልጆች ደግሞ በቪዛ ይገባሉ። መርማሪው ይህን ሁሉ እያገላበጠ ቢያይ ሥራው ነውና አይወቀስም። ከዚያም ሻንጣ፥ ከዚያም ፍተሻ፥ ከዚያም ወደ አገር ውስጥ መሳፈሪያ መሄድ አለ። ከዋሽንግተን የመጣው አይሮፕላን በንፋስ ምክንያት ግማሽ ሰዓት የዘገየ እንደ ሆነ ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በሌላ ሰሞን ቢሆን ለሚቀጥለው አይሮፕላን መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን በጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ባዶ ወንበር እንደ ልብ አይገኝም። ጥር 10 ቀን፥ በከተራ፥ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርዱበት ሰዓት፥ ይህን ሊያይ ከባሕር ማዶ የመጣ ቤተሰብ በአዲስ አበባ ማረፊያ ወለል ላይ ሻንጣውን ከቦ ሊቀመጥ ይችላል። ለወላጆቹ ይህ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ታቦት ሲወርድ አይተው አያውቁም፤ ለትምህርት ቤታቸው ዕረፍት ተለምኖላቸው የመጡ ናቸው፤ ለሚመጣው ዓመት አያታቸው መንገድ ለመሄድ ይችሉ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓቱ ማጠር ሌላ የሰዓቱ አቆጣጠር ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። በቲኬት ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ያለው ደግሞ 14:00 ተብሎ ይጻፋል። ይህስ በቀላሉ ይለመዳል፤ የሚከፋው የሌሊቱ ነው። ማክሰኞ 0:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ በአገራችን ንግግር ሰኞ ሌሊት፥ ለማክሰኞ አጥቢያ፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ነው። ማክሰኞ የሚለውን ብቻ አይቶ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጭኖ የሚመጣ ሰው፥ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ሲል ይደርሳል። የበዓል ዋዜማ በማታ እንደሚጀምር የሚያውቁ ካህናት ሌሊቱን ለሚከተለው ቀን መስጠት አያስቸግራቸውምና ይህን ነገር ለሕዝቡ ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊያስረዱት ይችላሉ። ደግሞም ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ሳትለውጥ አሜሪካና አውሮፓ በበጋቸውና በክረምታቸው ስለሚለውጡ፥ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ አንድ ጊዜ በ7 አንድ ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የልጆቹ ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የአሮጊቲቱ የእጅ ሰዓት ግን አያስተካክልም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው በመንገደኛው ይፈርዳል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለእያንዳንዱ ማረፊያ ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ለመሸጋገር የሚበቃ ተብሎ የተወሰነ ዝቅተኛ ጊዜ አለ፤ ቲኬት ሻጩም ከዚያ በታች በአንድ ቲኬት አይሸጥም። ነገር ግን ይህ ልክ ለሚሮጠውም ለሚገፋውም አንድ ነው። ስድስት ሰው፥ ከእነርሱም ሕፃንና አሮጊት ያሉበት መሆኑን የመዝገቡ ማሽን ዕድሜያቸውን ተቀብሎ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ ይህ ጊዜ ለእናንተ አይበቃችሁም ብሎ አያስጠነቅቅም። ዕድሜ ጠይቆ በዕድሜ ዋጋ የሚለይ ሻጭ፥ በዕድሜ ጊዜ ለመለየት የሚያቅተው ነገር የለም።

በመንገደኛውም በኩል አንድ እውነተኛ ስሕተት አለ፤ እርሱም ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲል ሁለቱን መንገድ በሁለት የተለያየ ቲኬት መግዛት ነው። በአንድ ቲኬት የተገዛ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ቢዘገይ ኩባንያው መንገደኛውን እስከ መጨረሻው ስፍራ ማድረስ ግዴታው ነው። በሁለት ቲኬት የተገዛ እንደ ሆነ ግን ሁለተኛው ኩባንያ ያልመጣ መንገደኛ ብሎ ይሰርዘዋል፤ የመመለሻውንም አብሮ ሊሰርዝበት ይችላል።

በዚህ ረገድ የአውሮፓ ኅብረት ያደረገው ሊታይ የሚገባው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው ደንብ የመንገደኛን መብት ደነገገ፤ ነገር ግን መዘግየት ከየት ጀምሮ ይቆጠር የሚለው ክርክር ቀርቶ ነበር። ከብሬመን ተነሥታ በፓሪስና በሳኦ ፓውሎ በኩል ወደ አሱንሲዮን የምትሄድ አንዲት መንገደኛ፥ የመጀመሪያው በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለ ዘገየ የቀሩት ሁሉ አመለጧትና 11 ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። ኩባንያው የመጀመሪያው መዘግየት ትንሽ ነው አለ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በየካቲት 2013 መዘግየት የሚለካው በመጨረሻው መድረሻ ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ የተስተካከለ ነው፤ መንገደኛ ዋጋ የሚከፍለው ለመድረስ ነውና።

ስለዚህ በእኛ አገር ሹማምንት ዘንድ ሊታሰብ የሚገባው ሥራ ከባድ አይደለም። የቦሌ ማረፊያ በጥር 2011 ዓ.ም. ሰፍቶ ተመርቋል፤ ስፋት ደግሞ ለሚሸጋገር መንገደኛ ረጅም እርምጃ ነውና የሰው እርዳታ ይፈልጋል። ለገና፥ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰሞን፥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ የቀራቸው ሕፃንና ሽማግሌ የያዙ ቤተሰቦች የሚያልፉበት የተለየ ሰልፍ ቢወሰን፥ ሠራተኛም ከአይሮፕላኑ በር ቆሞ በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች «የጎንደር፥ የላሊበላ» እያለ ቢጠራ፥ ብዙ ወጪ ሳያስወጣ ብዙ እንባ ያስቀራል። በውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎችም ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ፥ ለበዓል የሚሄድ ሰው ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ፥ አንድ ሌሊትም አድሮ በማግሥቱ መንገዱን ይቀጥል ብለው ቢመክሩ ይሰማሉ። ለስድስት ሰው የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ለባዶ ወንበር ልመና ከሚከፈለው ይቀላል፤ አሮጊቲቱም እግራቸውን ዘርግተው ያድራሉ።

ወደ አሜሪካ በሚመለሱበት ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ተጽፎበት ቢሄድ እንኳ፥ አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ ከተማ ተቀብሎ በጉምሩክ ማሳለፍና ዳግመኛ ማስረከብ አለበት፤ ከዚያም እንደ ገና ይፈተሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ወዲህ በብዙ ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በእጅ ቦርሳ አያልፍም፤ ጠበልም ቢሆን ፈታሹ ውሃ ነው ይላል። ከጎንደር በጠርሙስ የተቀዳው ጠበልና የዘመድ ማር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በደንብ ታሽጎ ይግባ፤ መድኃኒትና ፓስፖርት ግን ከእጅ አይለይ።