የእንግሊዝኛ ቃላት ስንቅ፦ ከሉህ እስከ መዝገበ ቃላት



ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችሁ ያለ ነው። በወልድያም ይሁን በመርሳ፣ በግራናም ይሁን በውርጌሳ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ያስገባ ወላጅ ሁሉ ሳያስተውለው አይቀርም። በታችኞቹ ክፍሎች እጁን እያወጣ ይመልስ የነበረ፣ ደረጃ ይዞ ካርዱን ለአባቱ በኩራት ያሳይ የነበረ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ዝምተኛ ይሆናል። ማታ መጽሐፉን ይገልጥና ብዙ ሳይቆይ ይዘጋዋል። ወላጅ «ሰነፈ» ይላል፤ ጓደኛም «ጉብዝናው ድሮ ቀረ» ይላል። ለመሆኑ ይህ ልጅ በአንድ ክረምት አእምሮው ደነዘ ማለት ነውን? አይደለም። የተለወጠው ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ደግሞ እርሱው እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ትናንት ስለ ልብና ስለ ሳንባ በአማርኛ ይማር የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም፣ ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ዕውቀቱ በር ላይ ቆሟል፤ የበሩ ቁልፍ ግን ቃላት ናቸው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማስታወስ ይበቃል። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ አንጥልም። በእኛ አካባቢ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወልድያና ዙሪያዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ትምህርት ተቋርጧል፣ ት/ቤቶችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረታቸውን አጥተዋል። ይሁንና ትምህርቱን እያወቀ የጥያቄው ቃል የጠፋበት ተማሪ ስንት ነው? «ከሚከተሉት በስተቀር» የሚለውን ያላስተዋለ ልጅ ባዮሎጂውን ቢያውቅም ጥያቄውን ይስታል። ፈተናው ሲያልፈው ደግሞ የሚከተለውን እናውቃለን። ከሀብሩና ከአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳሉ፤ በባሕርና በበረሃ የቀሩም አሉ። የቃላት ነገር ከዚህም ጋር ይያያዛል ብንል አላጋነንም።

«እንግሊዝኛ ልጆቻችንን ከዲናቸው ያርቅብናል» ብለው የሚሠጉ ወላጆችም አይጠፉም። ሥጋታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር እንዳዘዙት፣ እርሱም በግማሽ ወር ገደማ እንደቻለው በሐዲስ ተዘግቧል። የሌላውን ቋንቋ ማወቅ ለአማኝ ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት መሣሪያ ነው። ከዚህም በላይ የራሳችን ታሪክ ዛሬ በዚሁ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪል ማተሚያ ቤት የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። የየጁው ዳና ታሪክ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ሲነበብ፣ የሀብሩ ልጅ በቃላት እጥረት ሳያነበው ቢቀር አያሳዝንምን?

እንግዲህ «ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል» ሲባል ምንድን ነው? ብዙ ወጣቶች ማንም የማያውቀውን፣ ረጅምና ለአፍ የሚከብድ ቃል መሸምደድ ይመስላቸዋል። ተሸምድዶ ለጓደኛ ማስደነቂያ ከመሆን በቀር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በዓመት አንዴ እንኳ የማይገኝ ቃል ምን ይጠቅማል? ማይክል ዌስት የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 በብዛት የሚያገለግሉ 2,000 ያህል ቃላትን መርጦ አሳተመ። አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ ደግሞ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ያሏቸውን የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች መርምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚያ ዝርዝር ውጭ የሆኑ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለየች። የዌስት ቃላት ከመረመረቻቸው ጽሑፎች ሦስት አራተኛውን ያህል፣ እነዚህ 570ዎቹ ደግሞ አንድ አሥረኛውን ያህል ይሸፍናሉ። «አናላይዝ»፣ «አሱም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ሪኳየር» ከእነርሱ መካከል ናቸው። በፊዚክስም፣ በኢኮኖሚክስም፣ በታሪክም የሚመላለሱት እነርሱ ስለሆኑ ተማሪው ጊዜውን ማዋል ያለበት በእነርሱ ላይ ነው። መጀመሪያ 2,000ዎቹ፣ ቀጥሎ 570ዎቹ። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ አይከደንም።

አጠናኑስ እንዴት ይሁን? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም፤ በቁርኣን ቤት እናውቀዋለን።

አንደኛ፣ ሙራጀዓ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰው በቃሉ ከያዘው አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚረሳ፣ ጊዜ እየተለየለት ሲደጋገም ግን እንደሚጸና አሳየ። ሉሁን ጽፎ፣ ለሸሁ አሰምቶ፣ አጥቦ አዲስ ሲጽፍም የትናንቱን የሚከልስ ልጅ ይህንን ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። ለእንግሊዝኛውም እንዲሁ ይደረግ። ከአሮጌ ካርቶን ትንንሽ ካርዶች ይቆረጡ፤ በፊቱ ቃሉ፣ በጀርባው ፍቺውና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከዚያ ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው ካርዶቹ በሣጥን ይከፈሉ። ያልታወቀው በየቀኑ፣ የታወቀው በሦስተኛው ቀን፣ የጸናው በሳምንት አንዴ ይጠየቅ። የተረሳ ካርድ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል። ወጪው አንድ ካርቶንና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰርፍ። ደረሳ «ከተበ»ን ካወቀ «ኪታብ»ን፣ «ካቲብ»ን፣ «መክቱብ»ን፣ «መክተባ»ን ለየብቻ አይሸመድድም፤ ሥሩ አንድ ነውና። እንግሊዝኛም በራሱ መንገድ ሥር አለው። «ፖርት» ከላቲን የመጣ ሲሆን መሸከም ማለት ነው፤ ኢምፖርት ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ኤክስፖርት ወደ ውጭ መላክ፣ ትራንስፖርት ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ። «ጂኦ» ከግሪክኛ መጥቶ ምድር ነው፤ ጂኦግራፊ ምድርን መጻፍ፣ ጂኦሎጂ ምድርን ማጥናት፣ ጂኦሜትሪ ምድርን መለካት። አንድ ሥር የያዘ ተማሪ አሥር ቃል በአንድ ገመድ ይጎትታል።

ሦስተኛ፣ ዘመድ መፈለግ። ዐረብኛ ለቀራ ልጅ እንግሊዝኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። «አልጀብራ» አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፈው መጽሐፍ ስም «አል-ጀብር» ከሚለው የመጣ ነው፤ «አልጎሪዝም»ም የራሱ የአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። «ዜሮ» ከሲፍር፣ «ኮተን» ከቁጥን፣ «ሹገር» ከሱከር፣ «ኮፊ» ከቀህዋ፣ «አልካሊ» ከአል-ቀሊ የመጡ ናቸው። በእጃችሁ የያዛችሁት መጽሔት በእንግሊዝኛ «መጋዚን» መባሉም «መኻዚን» ከሚለው፣ ማለትም ከግምጃ ቤቶች ነው። ልጁ ይህን ሲያውቅ ቃሉ ከልቡ አይወጣም፤ በቋንቋውም ፊት አንገቱን አይደፋም።

አራተኛ፣ ቃልን ከጓደኛው ጋር መያዝ። በአማርኛ ውሳኔ «እንሰጣለን»፤ እንግሊዝኛው ግን ለውሳኔ «ሜክ» ይላል እንጂ «ጊቭ» አይልም። በአማርኛ ሲጋራ «ይጠጣል»፤ በእንግሊዝኛ ግን «ድሪንክ» ከተባለ ያስቃል። ስሕተት «ሜክ»፣ የቤት ሥራ «ዱ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን መጻፍ አይበቃም፤ በዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለዚህ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው፣ ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ ፍቺውን በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ይጨምሩ።

አምስተኛ፣ ከአካባቢ መጀመር። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ስለ ማሽላና ስለ ጤፍ፣ ስለ ድርቅና ስለ ተባይ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። የገበሬ ልጅ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ዝርያን፣ ምርትን፣ መስኖን፣ የአፈር መሸርሸርን በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሻገራል።

አሁን ወደ ወላጆች እንመለስ። «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ ምን ልርዳው?» የምትሉ እናቶችና አባቶች አላችሁ። ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ካርዱን ያዙና «ይህ ምን ማለት ነው? በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። ያለ መንተባተብ እናንተ እስክትረዱት ካስረዳ ቃሉን ይዞታል፤ ከተምታታበት ካርዱ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለስ። ይህን ለማድረግ ማንበብ እንኳ ግድ አይደለም።

ስለ ሴት ልጆቻችን ደግሞ አደራ እንላለን። ወንድ ልጅ ከት/ቤት ሲመለስ ይቀመጣል፤ እህቱ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፤ መጽሐፍ የምትይዘው እንቅልፍ ሲጥላት ነው። ከዚያም ፈተና ላይ ከወንድሟ እኩል ትጠየቃለች። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከመግሪብ በኋላም ቢሆን፣ የእርሷ ብቻ ይሁን፤ ሥራውን ወንድሟም ይካፈል።

ለወጣቶች የምንሰጠው ስሌት ቀላል ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት አዲስ ቃል ቢያዝ በሳምንት 15 ይሆናል። 570ዎቹ በ38 ሳምንት ያልቃሉ፤ ይህም አንድ የትምህርት ዓመት ያህል ነው። የቀሩት ሁለት ቀናት ለክለሳ ይዋሉ። በመስከረም የጀመረ በሰኔ ይጨርሳል። ፍሬውም በ12ኛ ክፍል አያበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና መፈተን ግድ ሆኖበታል፤ በወልድያም ይማር በመርሳው ካምፓስ፣ እነዚሁ ቃላት እዚያም ይጠብቁታል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ለልጆቻችን ለመንገድ ስንቅ እንደምንቋጥር ሁሉ ለትምህርታቸውም የቃላት ስንቅ እንቋጥርላቸው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ልፋታቸውንም ፍሬያማ ያድርገው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።