እርጎ እንሽጥ እንጂ ፈውስ አንሽጥ

ከሞያሌ ተነስቶ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አልፎ ናይሮቢ በሚገባው አውቶብስ የግመል ወተት ጭነን የምንሄድ ሁሉ የድሮውን አንረሳውም። ጀሪካኑ ሲንቀሳቀስ የኮመጠጠው ሽታ ይወጣል፣ ተሳፋሪው አፍንጫውን ይይዛል፣ ረዳቱም "እናንተ ሴቶች፣ ይህን ነገር ወደ ኋላ ውሰዱልን" ይለናል። አፍረን እግራችን ሥር እንደብቀው ነበር። ዛሬ ያው ተሳፋሪ "ቫይታሚን ያለው ይሄ ነው አይደል?" ብሎ ስልካችንን ይመዘግባል። ሽታው ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው።

በዚህ ደስ ብሎናል፣ አንዋሽም። የእናቶቻችን ምግብ ተከብሮ ማየት ያስደስታል፤ ገበያውም ልጆቻችንን ያስተምራል። ዳሩ ግን ስሙን ስናሳድግ መጠኑን አለፍን። መጀመሪያ "ለጤና ጥሩ ነው" አልን። ቀጥለን "ለስኳር ጥሩ ነው" አልን። በመጨረሻ "ስኳርን ያድናል" ያልን አለን። ማንም አላስገደደን፤ ሊትሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብለን ነው።

ኢስሊ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከእኛ የሚገዙ አንድ አባት ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋሉ። ከእኛ በየሳምንቱ አምስት ሊትር ይወስዱ ነበር። "ጋሼ፣ ይህን እየጠጡ መርፌ ምን ያደርግልዎታል?" ብለን መሳቃችን ትዝ ይለናል። እኛ እንደ ቀልድ፣ እሳቸው እንደ ምክር ወሰድነው። መርፌውን ቀነሱ፣ ከዚያ አቆሙ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ደወሉልን፦ "ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቷል። እናንተ አይደላችሁም እንዴ ወተቱ ይበቃል ያላችሁት?" ጋሼ ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ወተት መርፌን እንደማይተካ ያኔም ልባችን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ የምንሸጠውን ነገር በትክክል እንወቀው። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ ቫይታሚን ሲ አለው፤ አትክልትና ፍራፍሬ በማይገኝበት ደረቅ አገር ለአርብቶ አደሩ ትልቅ ነገር ነው። ሲፈላ ግን ይህ ቫይታሚን በከፊል ይቀንሳል። ስለ ስኳርም ቢሆን ወሬው ከባዶ አልተነሳም። በሕንድ አገር በጥቂት ሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች የግመል ወተት ሲጠጡ የኢንሱሊን ፍላጎታቸው የቀነሰላቸው ሰዎች ታይተዋል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ደማቸው እየተለካ፣ ሐኪም መጠኑን እያስተካከለላቸው ነው። እኛ የወሰድነው "ቀነሰ" የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ሐኪሙን መንገድ ላይ ጥለነው መጣን።

ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። የግመል ወተት ሲረጋ እንደ ላም እርጎ አይጠነክርም፤ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ በማንኪያ የሚቆረጥ "ንጹሕ የግመል እርጎ" ስታዩ፣ የላም ወተት ወይም ማወፈሪያ አልተጨመረበትም ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ነጋዴዎችም ከተጨመረበት ተጨምሮበታል እንበል።

እንጀራችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ጤፍ ብረት አለው፣ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን ይዞ ሰውነታችን እንዳይወስደው ያደርጋል። እርሾ የገባበት ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን ስም ሳያውቁ ሥራውን ይሠሩት ነበር፤ አቡክተው፣ አሳድረው፣ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ደፍተው፣ አብሲት ጥለው። ዛሬ በናይሮቢም በጁባም ለሆቴል የምናቀርብ አንዳንዶቻችን በማለዳ አቡክተን በቤኪንግ ፓውደር አስነስተን በዚያው ቀን እንጋግራለን። ዓይኑ ያምራል፤ የቀናቱን ሥራ ግን ዱቄቱ አይሠራውም። በዚያ ላይ "ብረት ያለው የጤፍ እንጀራ" ብለን መሸጥ ነውር ነው። ደንበኛዋም ትወቀው፤ ከምግብ ጋር ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱ እንዳይወሰድ ያደርጋል፣ ጥቂት ቆየት ብሎ መጠጣት ይሻላል።

ደግሞ "እርሾ ቫይታሚን ቢ 12 አለው፣ ጾመኛ አይቸገርም" የሚል ወሬ በመካከላችን ይዞራል። ይህንንም እንተወው። ከእህልና ከቅጠል የተብላላ ምግብ በዚህ ቫይታሚን አይታመንበትም፤ የታመነው ምንጩ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የምትጾም፣ ሥጋም እምብዛም የማታገኝ፣ እጅ እግሯን የሚደነዝዛት እህታችን ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን መመርመር አለባት። "እርሾ አብዢ" ብለን ከሰደድናት ጊዜዋን ሰረቅናት።

ይህን ስንል ኮምጣጣ ምግብን ማጣጣላችን አይደለም። በመተማ በኩል የሚነግዱ እህቶቻችን ካዋልን ያውቁታል። ሱዳኖች ቅጠል ወቅጠው በሸክላ ማሰሮ አፍነው፣ ማሰሮውን እስከ አንገቱ ቀብረው ሁለት ሳምንት ያህል ያብላሉታል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ የከተማ ሰው ይንቀው ነበር። ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር ግን ስለ ሱዳን የተብላሉ ምግቦች በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የድሃውን ሰው ምግብ በክብር መዘገቡት። ካዋል ፕሮቲን ስላለው ሥጋ ለሌለው ቤት የወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ምትክም ነው። ይህ እውነት ብቻውን ይሸጠዋል።

ቆጮም ጉድጓድ ውስጥ ወራት የሚቆይ፣ በችግር ዘመን ቤተሰብ የሚያሻግር ምግብ ነው። ግን አብዛኛው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ጉራጌዎች በአይብ፣ በጎመንና በክትፎ የሚያቀርቡት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቆጮ ስንሸጥ "ከአይብ ጋር ብሉት" ማለት ደንበኛን ማወቅ ነው።

"ከጥንት ጀምሮ የተበላ አይጎዳም" የሚሉንም አሉ። በኬንያ ካሌንጂኖች ሙርሲክ የሚሉት፣ በከሰል በታጠነ ቅል የሚረጋ ወተት አላቸው። አሸናፊ ሯጮች ከውጭ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እሱን ጠጥተው ይገባሉ። በዚሁ የተከበረ ወተት ውስጥ ተመራማሪዎች አሴታልዴሃይድ የሚባል ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር አግኝተው፣ በአካባቢው ከሚበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠይቀዋል። መጠየቅ ማዋረድ አይደለም። ጥንታዊ ምግብም ይመረመራል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ ጥሬ ወተት ነው። ብሩሴሎሲስ ከእንስሳ ወደ ሰው በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ፣ መገጣጠሚያ እያሳመመ፣ ብዙ ጊዜ ወባ እየተባለ ወራት ያሰቃያል። መኮምጠጡ ብዙ ተሕዋስያንን ያዳክማል፣ ይህን ግን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድልም። ስለዚህ መጀመሪያ ወተቱን ማፍላት፣ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ከጥሩ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ነው። በሙቀት ከሚቀንሰው ቫይታሚን ከትኩሳት የዳነ ልጅ ይበልጣል። አፈ ጠባብ ጀሪካን እጅ ስለማይገባው ታጥቦ አይጸዳም፤ አቅም ሲፈቅድ አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ እንግዛ፣ ካልሆነም ለወተት የዋለ ጀሪካን ለሌላ አይዋል።

"እኛ እውነቱን ስንናገር ደንበኛው አጠገባችን ወዳለችው ሄዶ 'ያድናል' ከምትለው ይገዛል" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልክ ናችሁ፣ አንዳንዱ ይሄዳል። ግን ኮሜርስ ስንማር ጉድዊል የሚባል ሀብት ነበር፤ አይታይም፣ አይዳሰስም፣ ድርጅት ሲሸጥ ግን ዋጋ ያወጣል። የእኛ ጉድዊል የደንበኛችን እምነት ነው። ሱቅ የለንም፣ ማስታወቂያ የለንም፤ "ከእነዚያ ሴቶች ግዛ" የሚል ሰው ነው ያለን። ጋሼ ሆስፒታል በገቡበት ወር ከእሳቸው ጎረቤቶች ስድስት ቤት አጣን። ወተታችን ያው ወተት ነበር፣ አልተበላሸም። የተበላሸው ቃላችን ነው።

ስለዚህ እርስ በርሳችን ቃል እንግባ። ደንበኛ "ለምን ይጠቅማል?" ሲል ያለውን እንንገረው፤ መቼ እንደታለበ፣ ተፍልቶ እንደሆነ፣ ምን እንደተጨመረበት እንንገረው። "መድኃኒቴን ልተወው?" ካለ ግን መልሳችን አንድ ይሁን፦ "አይሆንም፣ ሐኪምዎን ጠይቀው ይምጡ፤ ወተቱ ይጠብቅዎታል።"

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። በሳምንት ሁለት ሊትር ይወስዳሉ፣ መርፌያቸውንም ይወጋሉ። ባለቤታቸው ጀሪካኑን ሲቀበሉን አሁንም በደንብ አይስቁልንም። ልክ ናቸው።