ጦሳ ከራስጌ፣ ቦርከና ከግርጌ



ውድ አንባቢያን፣ በደሴና በኮምቦልቻ የሚኖሩ ወላጆችን «ልጆቻችሁን ይዛችሁ የት ትወጣላችሁ?» ብለን በጠየቅን ቁጥር የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «የት አለና! ገንዘቡስ ከየት መጥቶ!» ይሉናል። መዝናኛ ሲባል መግቢያ የሚከፈልበት፣ ወንበር የተደረደረበት፣ ለስላሳ የሚታዘዝበት ግቢ ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን። እንዲህ ወዳለው ቦታ አምስት ልጅ አስከትሎ የሚገባ አባት ኪሱን ቢዳስስ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ሌላ ጥያቄም እናንሳ። እሑድ ከቀትር በኋላ አባት የት ነው? ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ነው። ወንድ ልጁ ኳስ በሚታይበት ቤት ወይም በፑል ቤት ደጃፍ ነው። እናትና ሴት ልጅ ጓዳ ናቸው። ከቤታችን መዝናናት ጠፍቷል ማለት አይቻልም፤ ወንዶቹ ለየብቻ ተካፍለውታል። አባት የአንድ ወር የጫት ወጪውን ቁጭ ብሎ ቢያሰላው ቤተሰቡን የት የት እንደሚያደርስለት ራሱ ያየዋል።

«ዲናችን ለመዝናናት ቦታ አለው ወይ?» የሚል ጥያቄም ከወጣቶች ይቀርብልናል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መወዳደራቸውን፣ መጀመሪያ እሷ እንደቀደመቻቸው፣ በኋላ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሟት በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። የእኛው ሐበሾች በዒድ ቀን በመስጊድ በጦር ሲጫወቱም እሷን ከኋላቸው አቁመው እንዳሳይዋት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከዚህ ዘገባ እኛን ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ እሷ እስኪበቃት ድረስ ቆመው የጠበቁት እሳቸው መሆናቸው ነው። ሚስቱ አይታ እስክትጠግብ ቆሞ የሚጠብቅ ባል ከመካከላችን ስንቱ ነው?

እንግዲህ ከቅርቡ እንጀምር። የደሴ ልጅ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ጦሳን ነው። ስንቱ ግን ወጥቶበታል? ጉዞው በእግር ስለሆነ ወጪው ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ብቻ ነው። ከሱብሒ በኋላ ቁርስ ተቀምሶ ከተወጣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ብዙ መንገድ ይገፋል። ጫፍ መድረስም ግዴታ የለበትም፤ ሕፃን ያዘለች እናት ካለች ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ማረፍ ነው። ከዚያ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ልጆች የራሳቸውን ቤት ጣሪያ፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ የሚሰግዱበትን መስጊድ ሚናራ ፈልገው ያግኙ። መቼም የልጅ ዓይን ከእኛ ቀድሞ ያገኛል።

ከዚያም እኛ መምህራን የምንወደውን ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «እዚህ የዘነበ ዝናብ ወዴት ይሄዳል?» ከደሴ በስተምዕራብ ያለው የተራራ ሰንሰለት የውሃ መለያያ ነው። ወደ ከተማው የሚወርደው ውሃ በቦርከና በኩል ኮምቦልቻን አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ወዲያኛው ወገን የሚወርደው ደግሞ በበሽሎ በኩል አባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይሄዳል። በአንድ ደመና ውስጥ የነበሩ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በአፋር በረሃ ሲቀር ሌላው እስክንድርያ ይደርሳል። ይህን በክፍል ውስጥ በካርታ ስናስተምር የሚያንጎላጅ ተማሪ ተራራው ላይ ቆሞ ሲሰማው አይረሳውም።

ስለ ተራራው አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረ ጊዜ ልጆቻችን ከእነዚህ ጋራዎች የሰሙት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነው። ያኔ የስድስትና የሰባት ዓመት የነበሩት ዛሬ ጎረምሶች እየሆኑ ነው። ከአባቱ ጋር ሆኖ ጋራውን ረግጦ፣ ቆሎ ቆርጥሞ የተመለሰ ልጅ ስለ ቦታው ሌላ ትዝታ ይኖረዋል። ዳሩ ግን ጥንቃቄ አይለይ። ልጆች ሜዳ ላይ ያገኙትን ምንነቱን የማያውቁትን ብረት ከቶ እንዳይነኩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከታየም ለፖሊስ ማመልከት ነው። ክልላችን ካለበት ሁኔታ አንጻር ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «ቅርብ ቅርቡን» የምንለው ለገንዘቡ ብቻ ብለን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው መዝናኛ ግን ብዙዎቻችን እንደ መዝናኛ የማንቆጥረው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን ማለት ነው። ደሴ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በብብቱ ይይዘዋል። የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚኒባስ ሒሳብ ነው! ልጆች መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ዛፉ፣ አፈሩ፣ የቤቱ አሠራር የት ላይ እንደሚለወጥ እየቆጠሩ ይውረዱ።

ወርዶስ የት ይታረፋል? ዘመድ ቤት ነዋ! ከደሴ ሰው መካከል ኮምቦልቻ አክስት፣ አጎት ወይም የድሮ ጎረቤት የሌለው ጥቂት ነው፤ የኮምቦልቻውም እንዲሁ። የምንጠያየቀው ግን ለለቅሶ፣ ለኒካሕና ለዒድ ብቻ እየሆነ መጥቷል። ሁለት ቤተሰቦች ተስማምተው በአንዱ ወር ደሴዎቹ ቢወርዱ፣ በሌላው ወር ኮምቦልቻዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ቢወጡ ዝምድናም ይቀጠላል፣ ልጆችም የአጎት ልጆቻቸውን ያውቃሉ። እዚህ ላይ ለእንግዳ ተቀባዮች አንድ ነገር አደራ እንላለን። ዶሮ አይታረድ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ድግስ የሚደገስ ከሆነ በሦስተኛው ወር ሁለቱም ወገን ይፈራል። የመጡትም ዳቦና ፍራፍሬ ይዘው ይምጡ፤ የቤቱ እመቤትም ከማጀት ወጥታ አብራ ትቀመጥ። ካልሆነማ ለአንዷ እናት እረፍት ብለን ሌላዋን እናት አደከምን ማለት ነው።

ከዘመድ ቤት ወጥቶ ወደ ቦርከና ዳር መንሸራሸር መልካም ነው፤ ልጆች እንዲዋኙበትና እንዲጠጡት ግን አንመክርም። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው እንደ ለዮሌና ወርቃ ያሉ ጅረቶች ከቦርከና እንደሚቀላቀሉ በጥናት ታውቋል። ለውዱእም ሆነ ለመጠጥ ከቤት በጀሪካን ውሃ ይያዝ።

ሐይቅን ሳናነሳ ብንቀር የተሁለደሬ ሰዎች ይቀየሙናል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ ተቆጥቦ የሚደረስበት ነው። ከባሕሩ ዳር ሰሌን አንጥፎ ውሃውንና ወፎቹን ማየት፣ ወደ ውሃው ገባ ብሎ የሚታየውን የእስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የትምህርት ቦታ መሆኑን ለልጆች መንገር ነው። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያህል ስለሆነ ዋና የማይችል ልጅ ከዳር አይራቅ። የባቲ ሰኞ ገበያም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ቢታይ መልካም ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያይ ማየት አይከፈልበትም።

የመድረሳና የቂርአት ሰዓት እንዳይነካ ጉዞውን ቀደም ብሎ ማቀድ ይገባል። መስገጃ አይረሳ፤ ዙህርና አስር በሜዳ ላይ በጀመዓ ሲሰገዱ ትንሹ ልጅ አዛን እንዲያደርግ ዕድል ይሰጠው። ስንቁን አባት ይሸከም፤ ሲኒውን ወንዶቹ ልጆች ይጠቡ። እናት በዚያን ዕለት ሥራዋ መቀመጥ ነው። እህቶቻችን ሒጃባቸውን እንደለበሱ መሮጥም፣ ኳስ መወርወርም ይችላሉ፤ ማንም አያፍጥጥባቸው። ከምድጃው የተረፈው ፍም በአፈርና በውሃ ይጥፋ፤ በበጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ጋዝ ነው የሚቀጣጠለው። እሑድ አመሻሹ ላይ ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ ይጨናነቃልና ከአስር ሰላት በኋላ ብዙ አለመቆየት ይሻላል። አቦሉና ቶናው በሜዳ ይጠጣ፤ በረካው ከመግሪብ በኋላ ቤት ተገብቶ ይደርሳል።

ወሰላሙ ዐለይኩም!