ሻዩ ይልማ፣ ምንጩ ግን አይድረቅ

ወገን፣ ዓባይ ሲነሳ ሁላችንም ደማችን ይፈላል። ስለ ግድቡ ቀን ከሌት እንጽፋለን። ግን ውሃው ከየት ነው የሚመጣው ብለን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ባሮን ተመልከቱ። ከኢሉባቦር ደጋ ተነስቶ፣ ጋምቤላን አቋርጦ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ይህንን ውሃ ይዞ የሚያቆየው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። የሻይ ቅጠላችንም፣ የጉመሮውም የውሽውሹም፣ የሚበቅለው በዚሁ ደን ዙሪያ ነው።

አንድ ትልቅ ስኒ ሻይ በዓለም አማካይ 27 ሊትር ውሃ ይፈጃል። አብዛኛው ዝናብ ነው። «ታዲያ ዝናብ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ዝናቡን የሚጠራውም፣ ምንጩን በበጋ የሚያቆየውም ደኑ መሆኑ ነው። ደን ተመንጥሮ ሻይ ሲተከል ችግኙ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ አፈሩ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ማዳበሪያውም ይከተለዋል። ቅጠሉን ለማድረቅ ደግሞ ማገዶ ያስፈልጋል።

ይሄ ወሬ አይደለም፣ ጎደሬ ላይ አይተነዋል። በ2002 ዓ.ም. ማጃንግ ውስጥ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ልማት ተብሎ ለአንድ የህንድ ኩባንያ ለ50 ዓመት ተሰጠ። ማጃንጎች በንቡና በደኑ የሚኖሩ ናቸውና ተቃወሙ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ሳይቀሩ ደኑ እንዲተርፍ ደብዳቤ ጻፉ። ምንጣሮው ግን ቀጠለ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማጃንግን ደን ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው። ዋጋውን ዓለም አወቀ፣ እኛስ?

ሻይ አይተከል እያልን አይደለም። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፤ ሥራ የሚባል ነገር ሲመጣ እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው። ግን የዛሬ ደሞዝ የነገን ውሃ የሚበላ ከሆነ ልጆቻችን ምን ይጠጣሉ? የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ለሻይ ተብሎ የተፈጥሮ ደን አይነካ፤ የተራቆተ መሬት ሞልቷል። ሁለት፣ በወንዝና በምንጭ ዳር ማሳ አይድረስ፤ ዛፍ ይቁም። ሦስት፣ ውል ከመፈረሙ በፊት የአካባቢው ሰው ይጠየቅ፤ ውሉም በአደባባይ ይታይ።

ወጣቱ፣ ዓባይ የኛ ነው ማለት በግብፅ ላይ መጮህ ብቻ አይደለም። የላይኛውን ምንጭ ካልጠበቅን ከታች የምንከራከርበት ውሃ አይኖርም። በየአካባቢያችሁ የሚመነጠር ደን፣ የሚደርቅ ምንጭ ካለ ጻፉልን። ዝም አንልም!